«ኖር» ያላልኩባት ሕልም

ትናንት የሕክምና ቦርድ በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። መሳቅ ይቻላል፤ ማቋረጥ ግን አይቻልም።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቴን ከያዘው ደግሞ አራት ዓመቱ። አለቃዬ አቶ ሲራክ፣ «ምድር ቤት እንዳዛውርዎት ከቦርድ ወረቀት ያምጡ፤ ካላመጡ ደረጃውን እየወጡ ይሠራሉ፤ ካልቻሉ መልቀቂያዎን ይጻፉ» ብሎኛል። ጡረታ ለመውጣት የቀረኝ ሁለት ዓመት ነው፤ አሁን ብለቅ የት እገባለሁ?

ጠዋት ባለቤቴ አስካለ ካልሲዬን እያጠለቀችልኝ፣ «አደራህን! ሐኪሙ ሲመጣ እንደ ልማድህ ብድግ ብለህ ‹ኖር› እንዳትል። ከዚያ ታመምኩ ብትል ማን ያምንሃል?» አለችኝ።

«ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?» ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ።

በሕልሜ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። ደረጃው ከሕንጻው ወርዶ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ዘበኛው ጆሮውን ጉልበቴ ላይ ለጥፎ፣ «ዝም በሉ! ገና ነው» አለ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። አራት ሰዓት ላይ ጉልበቴ ቋ! ሲል ዘበኛው ደወሉን ደወለ፣ ሥራም ተጀመረ። አቶ ሲራክ ፋይል በጀርባው ተሸክሞ እያለከለከ መጣ።

«ጋሼ ወልደየስ፣ ዘገየሁ እንዴ?»

«ቀስ በል የኔ ልጅ፣ ምን ያስሮጥሃል?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዬ አላየሁም።

ወዲያው የቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀመጥኩ። ደጅ ላይ ጤነኛ ሁሉ ተሰልፏል፤ እያንዳንዱ «ሪህ አለበት» የሚል የሐሰት ወረቀት ይዟል። ፈተናው አንድ ነው፦ እስክሪብቶ መሬት ላይ እንጥላለን፣ ጎንበስ ብሎ ያነሣ ይወድቃል። መጀመሪያ የገባው በረኛ ነበር፤ የእግር ኳሱ። ምስኪን፣ እስክሪብቶው መሬት ሳይደርስ ቀለበው።

«ውይ!» አለች ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አፏን ይዛ። «ልጆች አሉህ?»

«ሁለት።»

«እግዜር ያሳድግልህ። ሥራ ግን የለም።»

ሰውየው ሊለምነን ተንበረከከ።

«ጭራሽ ይንበረከካል!» ብዬ ጮህኩ። ይዘው አስወጡት።

ቀጥላ የገባችው ታይፒስት ናት፤ ጣቶቿ አንዱም አይታጠፍም። የማርማላታ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ይህን ክዳን ሦስት ዓመት ታገልኩት፣ እንቢ አለኝ» አለች። ኮሚቴው በደስታ አለቀሰ። ማጨብጨብ የሚችል ስላልነበረ ጭንቅላታችንን ነቀነቅንና እዚያው ዕድገት ሰጠናት።

ይኼኔ በሩ ተከፈተና የንስሐ አባቴ መምሬ ጥላዬ ገቡ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። በዚያ አገር የተነሣ ሰው ከሥራ ይባረራል። ሰውነቴ በሙሉ ተነሥ ተነሥ አለኝ። አስካለ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣ «አደራህን!» አለች። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ፤ ላቤ ጠብ ጠብ አለ። እኔ ወልደየስ፣ ለንስሐ አባቴ አልተነሣሁም!

«ጎሽ! ሰው ማለት እንዲህ ነው» ብለው መምሬ ባረኩኝ። በሉ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይሁን ተባለ። አቶ ሲራክ ወንበሬን ከነእኔ ሊሸከም ጎንበስ አለ።

«አቶ ወልደየስ ብሩ!»

ነቃሁ። የጠራችኝ ነርሷ ናት። በሩ ተከፍቶ ነጭ ጋውን የለበሱ ሽበታም ሐኪም ብቅ አሉ።

ብድግ አልኩ! እንዴት እንደተነሣሁ እኔም አላውቅም። ሁለቱም ጉልበቶቼ ቋ ቋ አሉ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ሐኪሙ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞር አሉ።

«ጻፊ። እንደ ጎረምሳ ነው የሚነሡት፤ ሦስተኛ ፎቅ አያቅታቸውም። ቀጣይ!»