የጋሽ ይደገም ስፖንጅ

በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ቃል የማይበቃው አንድ ሰው አይጠፋም። ቆልፌዋለሁ ብትሉት በሩን ይነቀንቃል፤ ሻዩ ስኳር አለው ብትሉት ይቀምሳል፣ ያውም ከእናንተው ብርጭቆ። የእኛው ክቡር ጋሽ ይደገም ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ከገዛ አፋቸው ነው፦ «ጥሩ ነው፤ ግን ይደገም!»

የምንሠራው በምርምር አውሮፕላን ላይ ነው። ሆዱ ውስጥ ራዲዮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ አየሩ ራሱ የሚያወጣውን ደካማ የማይክሮዌቭ ሞገድ እየለቀመ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ደመናው የያዘውን ውሃ ይነግረናል። ከመነሳታችን በፊት ሙቀቱ የታወቀ ጥቁር ስፖንጅ ፊቱ ደቅነን እንፈትነዋለን፤ ከዚያ ስፖንጁ ካልተነሳ መሣሪያው የሚያየው አየሩን ሳይሆን እሱን ነው። ለሌላው ሰው አንዴ ይበቃል፤ ለጋሽ ይደገም አራቴ። አብራሪዋ «ጋሼ፣ ዛሬ ነው ነገ የምንነሳው?» ስትል እሳቸው ቴርሞሜትሩን በሌላ ቴርሞሜትር እያመሳከሩ ነው። ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝ፣ ልጃቸው የተወለደች ቀን አዋላጇ ክብደቷን ብትነግራቸው መጀመሪያ ሚዛኑን ባዶውን አስመዝነዋል።

ሦስት ሳምንት የጠበቅናት ደመና የመጣችው የበረራ ፈቃዳችን በሚያልቅበት ቀን ነበር። ጥድፊያ በጥድፊያ ሆንን።

«ስፖንጁ ተነስቷል?» አሉኝ።

«አንስቼዋለሁ!»

ሄደው ሳያዩ ቀበቷቸውን አሰሩ። ገረመኝ፤ ደስም አለኝ።

ደመናዋ ውስጥ ስንገባ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀጥ አለ፤ ንቅንቅ የለም። «ሲያምር!» አልኩ።

ጋሽ ይደገም መነጽራቸውን አወለቁ። «ደመና ውስጥ ሆነን? አየር እንዲህ ጨዋ ሆኖ አያውቅም። እንመለስ!»

አርፈን ሆዱን ብንከፍት ስፖንጁ እዚያው ጉብ ብሏል። ለካ እኔ ያነሳሁት እሳቸው ለማመሳከሪያ ከጎኑ ያስቀመጡትን ሁለተኛውን ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሩጫ እንደገና ተነስተን የደመናዋን ጭራ ደረስንባት፤ ግማሽ መረጃ ይዘን ገባን።

ነገሩን በሬዲዮ የሰሙት ኃላፊያችን በር ላይ ጠበቁን። «ማነው ያላነሳው?»

አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ይደገም ቀደሙኝ። «መጨረሻ ላይ የማየው እኔ ነኝ። አላየሁም።»

«እርስዎ? ምነው?»

«እሱ አንስቻለሁ አለኛ!»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዕድሜያቸው ሳይመረምሩ የተቀበሉት የሰው ቃል የእኔ ብቻ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሽ ይደገምን የሚያማ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።