ስህተት የማያልፉት ክቡር ዴልመር

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዓለም ቢገለባበጥ ግድ የማይሰጠው፣ መዳፍ የማትሞላ የብረት መኪና ላይ ግን ጎማ ያለቦታው ተገጥሞ ካየ እንቅልፍ የሚያጣ። እዚህ ኦሃዮ፣ ከድሮው የመኪና መሽቀዳደሚያ ብዙም በማይርቀው ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ዴልመር ፕሩዊት ናቸው። የሾማቸው የለም። ባለቤታቸው ጆኔት ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሹመቱን አብራቸው ተሸክማለች፤ ደክሟታል።

ክቡርነታቸው የሚሰበስቡት የድሮዎቹን የድራግ መኪኖች ትንንሽ ሞዴል ነው፤ እነዚያ ሩብ ማይል በቀጥታ ተወንጭፈው፣ ከኋላቸው ፓራሹት ዘርግተው የሚቆሙትን። በወጣትነታቸው የአንዷን ተወዳዳሪ መኪና ፓራሹት የሚያጥፉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሞዴል ሠሪ ሁሉ ለእሳቸው መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ይመስላቸዋል። አዲስ ሞዴል በፖስታ ሲመጣ መጀመሪያ አጉሊ መነጽሩ ይወጣል። ሞዴሉ በሳጥኑ ላስቲክ መስኮት በኩል ይታያል እንጂ ሳጥኑ አይከፈትም፤ የተከፈተ ዋጋ የለውም። የልጅ ልጅ መሬት ላይ ተንከባሎ ቢያለቅስ እንኳ አይከፈትም። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፤ «ቸርኬው ተሳስቷል።»

የጆኔት እህት ለጥየቃ ስትመጣ ሶፋ ላይ ነው የምታድረው፤ የእንግዳው ክፍል የመኪኖቹ ነዋ። በእህቲቱ ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ ኬኩ በስኳር የተሠራች የድራግ መኪና ነበረችበት። ሙሽሮቹ ቢላዋውን ሲያነሱ ክቡር ዴልመር ጠጋ አሉና «ማርሚታው የዚች አይደለም» አሏቸው። ሙሽራው ይቅርታ ጠየቀ።

ጆኔት ራሷ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ደስ ላሰኛቸው ብላ «ይቺ ቀይዋ ታምራለች» ብላ ነበር።

«ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ነው» አሏት። «ይቺ መጀመሪያ ወርቃማ ተቀብታ፣ ከላይ ቀይ የተደረበባት ናት።» ከዚያ ስለ ቀለም አወሩላት፤ እራቱ ቀዘቀዘ።

ያቺ ቀይዋ፣ በወጣትነታቸው ፓራሹቷን ያጥፉላት የነበረችው የዚያች መኪና ሞዴል ናት። ከመደርደሪያው ሁሉ ስህተት ያልተገኘባት እሷ ብቻ ነች።

ባለፈው ገና ሰሞን ክቡርነታቸውን ዓይናቸው መሃል መሃሉን ይጋርዳቸው ጀመር። ሐኪሙ እንደማይመለስ ነገራቸው። ዳር ዳሩ ይታያቸዋል፤ ትኩር ብለው ሊያዩት የፈለጉት ነገር ግን ይጠፋባቸዋል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ይሸጡ» አሉ። «የማላየውን ነገር ምን ልጠብቀው? አንቺም ክፍልሽን ታገኛለሽ።»

ጆኔት ይህችን ቀን ስትመኝ ኖራለች። አሁን ግን የጀመረችውን እንቁላል ትታ ሳህኗን አነሳች።

ቅዳሜ የካውንቲው የትርኢት ሜዳ ላይ፣ የአሮጌ መኪናና የሞዴል ገበያው ውስጥ ጠረጴዛ ያዙ። ክቡር ዴልመር ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው የቋሊማ ሳንዱዊቻቸውን በእጃቸው እንደያዙ አልበሉትም። ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ መጣና ሳጥኖቹን አይቶ አይቶ አንዷን አነሳ። ያችኑ ቀይዋን ነው ያነሳው።

«ይቺ ስንት ነች እናቴ?»

ጆኔት ዋጋዋን ታውቃለች። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። «ቸርኬው ተሳስቷል።»

«እንዴት?»

«የኋላው። የሌላ መኪና ነው የገጠሙላት። ማርሚታውም የራሷ አይደለም። ፓራሹቱንም እየው፣ አስተጣጠፉ ልክ አይደለም።»

ሰውየው ሳጥኑን አገላበጠና ወደ ክቡርነታቸው ዞረ። ገበያው በሙሉ ያውቃቸዋል፤ በሞዴል ጉዳይ ለእናታቸውም አይዋሹም፣ የሰው ስህተትም ሳያርሙ አያልፉም። «እውነት ነው ጌታዬ?»

ክቡር ዴልመር ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው ድምፅ አዞሩ።

«ሰምተሃታል» አሉ።

ሰውየው ሳጥኑን አስቀምጦ ሄደ። ጆኔት ለሚቀጥለው ገዢም፣ ከእሱ ቀጥሎ ለመጣውም ስህተት አላጣችም፤ ሠላሳ ዓመት ስትሰማ ኖራ እንዴት ታጣለች? ከጎኗ የተቀመጡት ክቡርነታቸው አንዱንም አላረሙም።

እኩለ ቀን ላይ የቀይዋን ሳጥን አንስታ ካርቶኑን ቀደደችው። ክቡርነታቸው ድምፁን ሰምተው ደነገጡ፤ ምንም ከማለታቸው በፊት ግን መኪናዋን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ፓራሹቷን አገኘ፤ እዚያው ቆየ።

«ቀለሟስ?» አሉ።

ጆኔት አሳምራ ታውቀዋለች።

«ቀይ» አለች።

«ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ነው» ብለው ጀመሩ። ጆኔትም ቡናዋን ቀድታ ወንበሯን አስጠጋች፤ ረጅም እንደሚሆን ታውቃለች።