ባንዲራ የተተከለለት ሳፋ

እንኳን ደስ አለን። ትንሿ ገባች። ማንም ሳይገፋት፣ ማንም ሳይለምናት፣ በገዛ እግሯ ሄዳ ገባች፤ ጨረሰች፤ አሸዋ መለሰችበትና ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወጣች። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የጋሼ ገበያው ቤት ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነፃ ነው።

የማወራው ስለ ድመት ነው። ግን ከድመቶቹ በፊት ሰውየውን ላስተዋውቅ። ጋሼ ገበያውን የመሰለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው ያልሰፈረበት መሆን አለበት። ስብሰባ አልቆ ሁሉ ሲነሳ «አንድ ነገር ልጨምር» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ቤት የድንኳኑ ካስማ መዝመሙን ከአልቃሹ ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ባጃጅ ተሳፍረው ሹፌሩን መንዳት የሚያስተምሩትም እሳቸው ናቸው። ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት አላቸው፤ «የግንዛቤ ችግር ነው» ይላሉ። የጎረቤት ዶሮ መጣል ብታቆም፣ እሱም የግንዛቤ ችግር ነው።

ክቡርነታቸው ሰቆጣ ከመግባታቸው በፊት ፃግብጂ ውስጥ የአንድ ገጠር ቀበሌ የንጽህና ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። አባወራውን እየለመኑ፣ እያሳፈሩ፣ ለሰነፉም ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩለት፣ ቀበሌውን በሙሉ የመጸዳጃ ጉድጓድ ባለቤት አደረጉትና መግቢያው ላይ «ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነፃ» የሚል ባንዲራ አስተከሉ። የዚያን ባንዲራ ታሪክ ያልሰማ የሰፈራችን ሰው የለም። ሁለቴ ብቻ የሰማ ካለ እሱ እድለኛ ነው።

ታዲያ እኚህ ሰው በሦስት የድመት ልጆች ሊሸነፉ ነበር።

እናትየዋ የልጃቸው የሠርካለም ድመት ነበረች። ሠርካለም ለሥራ ዐረብ አገር ስትሄድ «አደራ» ብላ ትታላቸው ሄደች። ድመቷ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ባጃጅ ገጨቻት። ሠርካለም ይህን ስትሰማ በስልክ አለቀሰችና የድመቷን ልጆች ለማንም እንዳይሰጡ አባቷን አስማለች። ቡሬ፣ ዳልቻና ትንሿ ቀዮ፣ እንደ በሬ በመልካቸው ስም የወጣላቸው፣ የሚያስተምራቸው እናት አጥተው ቤቱን ሁሉ ሜዳ አደረጉት። ከአልጋ ሥር ጀመሩ፤ ወደ ጫማ አለፉ፤ በመጨረሻ እትዬ ጥሩሐረግ ለማኅበሩ ጠላ ብለው ያሰጡት ብቅል ላይ ተጸዳዱ።

እትዬ ጥሩሐረግ የጋሼ ባለቤት ናቸው። ባላቸው የሁለቱንም ድርሻ ስለሚናገሩላቸው እሳቸው ብዙ አይናገሩም። ብቅሉን ሰብስበው ደፉና፣ «ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። እስከዚያ ካልተማሩ ደረሰ ይወስዳቸዋል» አሉ። ደረሰ እህል ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑን አይጥ ወርሮት ድመት ሲያፈላልግ ከርሟል።

ጋሼ ዘመቻ አወጁ። ከንፈሩ የተሰነጠቀ አሮጌ ሳፋ አምጥተው አመድ ሞሉበት፤ ገጠር ጉድጓዱ ላይ አመድ ይነሰነስ የለ። ተጠቃሚዎቹ፣ ጋሼ እንዲህ ነው የሚጠሯቸው፣ አመዱን ወደዱት። ተንከባለሉበት፣ ከዚያም የሶፋውን ልብስ በእግራቸው ማኅተም አዳረሱት። የግንዛቤ ችግር ነው ተባለ። አመዱ ተደፍቶ የወንዝ አሸዋ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ ከለላ የሌለው መጸዳጃ ቤት ክብር የለውም ብለው ሳፋውን በማዳበሪያ ከረጢት አጠሩት፤ ጣራ አለበሱት፤ በር አበጁለት፤ ደጃፉ ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን አንጠለጠሉ።

ግቢያችንን በሚለየው አጥር ላይ አንገቴን አስግጌ፣ «ጋሼ፣ ሳሙናውስ?» አልኳቸው።

«ሳቅ፣ ሳቅ። የዚያ ቀበሌ ሰዎችም እንዲሁ ስቀው ነበር።»

ድመት ግን ማን እንደሚመጣበት ሳያይ አይቀመጥም። ቡሬና ዳልቻ ጣራው ላይ ወጥተው ተኙ፤ ቀዮ ከነመኖሩም ረሳችው። ጋሼ የሳፋውን አጥር አፈረሱ። ድመቶቹ በልተው ሲጨርሱና ከእንቅልፍ ሲነቁ እያነሱ አሸዋው ላይ ያስቀምጧቸው ጀመር። ሁለቱ ቶሎ ገባቸው። ቀዮ ግን አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ የጋሼን ንግግር እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች፣ ከዚያ ወርዳ ከጋኑ ኋላ ጉዳይዋን ትጨርሳለች። የማኅበሩ ቀን ቀረበ። እትዬ ጥሩሐረግም የድመት መውሰጃ ካርቶን ለማምጣት ነጋዴው ደረሰ ዘንድ ሄዱ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ጭር አለብኝ። ደንግጬ ብመለከት ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ንግግር የለ፣ ግንዛቤ የለ። ጋሼ ስብሰባውንም ቁጣውንም በአማርኛ ነው የሚያካሂዱት፤ አሁን ግን በአፍ መፍቻቸው በኽምጥኛ፣ በለሆሳስ፣ ዳዴ ለሚል ልጅ የሚባለውን ይሏታል። አመልካች ጣታቸውን እንደ ድመት እግር አጥፈው አሸዋውን ጫር፣ ጫር ያደርጋሉ። ቀዮ ጣቱን ታያለች። ቆይታ አንድ እግሯን አነሳችና ከጣታቸው አጠገብ ጫር አደረገች። ከዚያ በላይ አልሆነም፤ ጥላቸው ሄደች። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከአሸዋው ሳያወጡ ቆዩ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ጥሩሐረግ ካርቶኑን ይዘው ከጓዳ ሲወጡ፣ ቀዮ ጅራቷን አቁማ ከሳፋው ስትወርድ ተገናኙ። ሳፋውን አዩ። አሸዋ የሞላውን የባላቸውን ጥፍር አዩ።

«ሠርካለምንም እንዲህ ነበር የምታባብላት» አሉ።

ካርቶኑ ውስጥ አሮጌ ነጠላ አነጠፉና አልጋው ሥር አስቀመጡት። የማንም መጋዘን አይሄድም። ጋሼም ዓይናቸውን ለመደበቅ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከፌስታል ቀደው የሠሩትን ባንዲራ በእንጨት ሰክተው ሳፋው ጎን ተከሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ አሸዋ ሲቀየር ሁሉም እንደማይደፋ፣ ሽታውን እንዲያውቁት ከአሮጌው ጥቂት እንደሚተውላቸው ያስረዱኝ ጀመር። ድመት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። አጥሩን ተደግፌ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው፤ ባንዲራውንም እንደገና ሰማሁት።

አሁን ሠርካለም ስልኳን የምትከፍትበት ሰዓት ነው። ጋሼ ለእሷ የሚያቀርቡትን ሪፖርት እያሰናዱ ነው፤ ከፃግብጂ ስለሚነሱ ቀዮ ጋ ለመድረስ እኩለ ቀን ይሆንባቸዋል። እኔ ደግሞ የሳፋውንና የባንዲራውን ፎቶ አንስቻለሁ። ኔትወርኩ የሚገኘው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው፤ ጋሼ ሳይቀድሙኝ ሮጬ ልላክላት።