የዘሀራ ታኮ

መታወቅ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? ከወሎ ገጠር አዋሽ ወዳለው የአክስቷ ሻይ ቤት የመጣችው ዘሀራ ባለ ታኮ ጫማ ገዛች። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ የቀበሌው ኪነት ከበሮ መቺ፣ እሷ አዲሷ ዘፋኛችን።

አሳይታ ልንዘፍን ጥቂት ቀናት ሲቀሩን ከከተማው ወጣ ብላ በታኮ መራመድ ስትለማመድ፣ ግመል የሚነዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ አስቁመው ወሬ ጠየቋት። አፋር መንገደኛን ወሬ ሳይጠይቅ አያሳልፍም፤ የሰማውንም ለሚቀጥለው መንገደኛ ያደርሳል።

«ዘፋኝ ነኝ፤ ኢንሻአላህ አሳይታ ልዘፍን እሄዳለሁ» አለቻቸው፣ ዝናዋ ቀድሟት እንዲደርስ።

ደረሰ። ችግሩ፣ አፋር ካየው ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ከአውቶቡስ ስንወርድ የአሳይታ ሴቶች ከበቧትና፣

«ጫማው ቢያቆስላት በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ የምትሄደው ዘፋኝ አንቺ ነሽ?» አሏት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ዘሀራ መድረክ ላይ ስንወጣ ታኮዋን አወለቀች፤ ከፍ አድርጋ እርስ በርሱ እያጋጨች ዘፈነች። ጭብጨባው ከበሮዬን ዋጠው።

በማግሥቱ የአሳይታ ኮረዶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ አሸዋው እግራቸውን ሲፈጀው ይዘላሉ። የከተማው ካድሬ አዲስ አብዮታዊ ውዝዋዜ መስሎት፣ ከበሮ እንድመታላቸው አስጠራኝ።