የማስቲሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ

(ትንሽ የስብሰባ ክፍል። ከጠረጴዛው ራስጌ ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። በስተኋላ ወደ ላብራቶሪው የሚያስገባ የመስታወት በር፤ ከበሩ ማዶ፣ ባልዲ ውስጥ ውሃ የተነከረ አንድ እግር ጫማ ይታያል። ነጭ ጋዋን የለበሰው የዩኒቨርሲቲው ዶክተርና የእህቱ ባል፣ የጫማ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ወንበሩን ከግራና ከቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።)

ዶክተሩ፦ ልቀቅ አልኩህ።

ሥራ አስኪያጁ፦ ቀድመህ አንተ ልቀቅ። የጋራ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ።

ዶክተሩ፦ ነበርክ። ዓመትህ ዛሬ አለቀ። የዩኒቨርሲቲና የፋብሪካ የጋራ ምርምር ምን ማለት እንደሆነ ስንቴ ላስረዳህ?

ሥራ አስኪያጁ፦ አስረድተኸኝ አታውቅም። ተቆጥተኸኝ ግን ታውቃለህ።

ዶክተሩ፦ እንግዲያው ስማ። ምርምሩን እንደ አንድ ሰው ቁጠረው። እኛ ጭንቅላት ነን፣ እናንተ እጅና እግር።

ሥራ አስኪያጁ፦ ሆዱስ?

ዶክተሩ፦ የምን ሆድ?

ሥራ አስኪያጁ፦ ሰው ነው አላልክም? ሆድ የሌለው ሰው የት አይተሃል?

ዶክተሩ፦ (ለብቻው) እህቴ ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ነው የምትኖረው።

ሥራ አስኪያጁ፦ ሰምቻለሁ። ቤታችን ውስጥ ሰብሳቢዋ እህትህ ናት። ሰብሳቢ ዕቃ አይነካም እያለች ሰሃኑን የማጥበው እኔ ነኝ። ከማን እንደተማረችው እንጃ።

ዶክተሩ፦ ነገር አታዙር። ለመሆኑ ዓመቱን ሙሉ ስትሰበስበን ከዚያ በር ማዶ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?

ሥራ አስኪያጁ፦ ከየት አባቴ አውቄ? መች አስገባኸኝ።

ዶክተሩ፦ ሰብሳቢ ላብራቶሪ አይገባም፣ ናሙና አይነካም። ደንብ ነው።

ሥራ አስኪያጁ፦ አንተ ያወጣኸው።

ዶክተሩ፦ ባላወጣውማ ጣትህን ያልከተትክበት ዕቃ አይኖርም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ፦ የጫማ ሰፊ ልጅ ነኝ እኮ። በማስቲሽ ሽታ ነው ያደግኩት። ዓመቱን ሙሉ በበሩ ሥር ሾልኮ በሚወጣው ሽታ ነው የተጽናናሁት። ሥራው ከምን ደረሰ ብዬ ስጠይቅህ እንኳ «ስብሰባ ጥራ» ትለኝ ነበር።

ዶክተሩ፦ ሰብሳቢ ውጤት የሚሰማው በስብሰባ ነዋ። ስብሰባ ደግሞ ከሳምንት በፊት ይጠራል። ሥርዓት ይባላል። እናንተ ጋ የለም።

ሥራ አስኪያጁ፦ የለም።

ዶክተሩ፦ ዛሬ ያ ጫማ ከውሃ ይወጣል። ሶሉ ካልተላቀቀ፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ማስቲሽ ሠራ ማለት ነው። ያኔ የምርምሩ መሪ ተብሎ ስሙ የሚነሳው ማን ይሁን? ብሩሽ እንኳ ያልነካ ሰው?

ሥራ አስኪያጁ፦ (ወንበሩን ጠበቅ አድርጎ ይዞ) ይቅርብህ። የምልህ ላንተው አዝኜ ነው።

ዶክተሩ፦ ለእኔ?

ሥራ አስኪያጁ፦ ወንበሩ ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይላል፣ መቀመጡ ነው ጭንቁ። ቢያንስ ጫማው ይውጣና ትረከበኛለህ።

ዶክተሩ፦ ጫማው ከወጣ በኋላማ ምን ይረባኛል? ሥልጣን ጥሞህ ሙጥኝ ማለትህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ፦ ሰብሳቢ ደግሞ ዓመቱ ሳይሞላ አይወርድም። ኋላ አልነገርከኝም እንዳትል።

ዶክተሩ፦ እኔው የጻፍኩትን ደንብ ለእኔው ታስተምረኛለህ?

ሥራ አስኪያጁ፦ እሺ፣ እንዳልክ። ብቻ ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይላሉ።

ዶክተሩ፦ ተረትህን ለፋብሪካህ። ሁለታችንም አለን፣ ኮሚቴው ሙሉ ነው። እኔ ሰብሳቢ እንድሆን የሚደግፍ እጁን ያውጣ።

(ሁለቱም እጃቸውን ያወጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን በአክብሮት ይስብለታል፤ ዶክተሩ ተደላድሎ ይቀመጣል።)

ሥራ አስኪያጁ፦ እንኳን ደስ ያለህ፣ ሰብሳቢያችን።

ዶክተሩ፦ አመሰግናለሁ። በል ተከተለኝ፣ ጫማውን ላውጣና...

(ተነስቶ የበሩን እጀታ ይይዛል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጁን ቀስ ብሎ ከእጀታው ያነሳል።)

ሥራ አስኪያጁ፦ ጋዋኑን ታውሰኛለህ?

ዶክተሩ፦ ስማኝ ወንድሜ። ያን ደንብ እኮ ለአንተ ብዬ ነው ያወጣሁት።

ሥራ አስኪያጁ፦ አውቃለሁ። ለእኔ ልክክ ብሎልኝ ነበር። ለአንተም አይጠብህም።

(ጋዋኑን ከዶክተሩ ትከሻ ገፍፎ ይለብስና ይገባል፤ በሩንም ይዘጋል። ጫማውን ከባልዲው አውጥቶ ሶሉን በሁለት እጁ ይጎትታል። ሶሉ ንቅንቅ አላለም። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ብቻውን ይስቃል። ዶክተሩ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፏል።)

ዶክተሩ፦ ያዘ ወይስ ተላቀቀ? በእህቴ ሞት ንገረኝ። ሁለት ዓመት እኮ ነው የለፋሁት።

ሥራ አስኪያጁ፦ (ማስቲሹን በረጅሙ እያሸተተ) ስብሰባ ጥራ።

ዶክተሩ፦ ጠራሁ። አሁኑኑ ይሁን።

ሥራ አስኪያጁ፦ የለም፣ የዛሬ ሳምንት ነው። እኛ ጋም ሥርዓት ገብቷል።