ቤታችን እኛን ሊሸጥ የወጣ ዕለት

ትናንት በሕልሜ ቤታችን እኔንና እማዬን ሊሸጠን ደጅ አወጣን።

በውን ሻጮቹ እኛ ነን። ቤቱን ሸጠን፣ የደላላውን፣ የግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ከፍለን፣ በሚተርፈው አንዲት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም እንገዛለን ብለን ተነሥተናል። ስንት እንደሚተርፍ ደፍሮ የሚነግረን ግን አጣን። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም ውል ለማንበብ የማንንም ዐይን አልዋስም፤ ስለ ቤት ሽያጭ የወጣውን አዋጅ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የሚከፈለው ሁሉ አንቀጽ አለው፤ የሚተርፈው የለውም። በዚህ ስብሰለሰል ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ጠራራ ፀሐይ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮውን እንደ ባርኔጣ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እኛን አጥር ሥር አቁሞ ይጣራል።

«እናትና ልጅ! አንድ እጅ ብቻ የያዛቸው! ዕዳ እገዳ የሌለባቸው!»

«አንተ ቤት፣ ምን በደልንህ?» አልኩት።

«ምንም። አረጀሁ፣ ሁለት ሰው መሸከም ከበደኝ። እናንተን ሸጬ በሚተርፈኝ አንዲት ቀጠን ያለች ላጤ እገዛለሁ።»

«ስንት ይተርፍሃል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አለና አቧራ ሳለ።

መሸጤን ረሳሁት። ከእኛ በቀር በዚህ ነገር የተጨነቀ ፍጡር አይቼ ስለማላውቅ፣ መጨረሻውን ለማየት ጓጓሁ።

ገዢዋ መጣች። ባለ ፎቅ ቪላ ነች፤ ሰርቪስ ቤቷን እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ትጎትታለች። የእማዬን ጀርባ አንኳኳች። «ይቺኛዋ ስንጥቅ አላት» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ይቺስ ታፈሳለች?»

«እኔ አላፈስም፤ አንቺ ግን ሰገነትሽ ዘሟል» አልኳት።

«አፏን አስቤ ዋጋ እቀንሳለሁ» አለችው ለቤታችን። በዚሁ ተስማሙ።

ወዲያው ደላላው ከች አለ። ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ያንጠለጠለ አህያ ነው። ቤቱ አንዱን መስኮት ነቅሎ ሰጠው። አህያው ሳይርቅ ዘጠኝ ዶሮዎች ግር ብለው ገቡ፤ ሁሉም «ገዢዋን የጠቆምኩት እኔ ነኝ!» ይላሉ። አንዷን ክንፏን ያዝኳት።

«ምን ብለሽ ጠቆምሽ?»

«በዚህ ስታልፍ ቀና ብዬ አየኋት።»

«ማየትም ያስከፍላል?»

«ለሰፈሩ እንግዳ ነሽ እንዴ?» ብላ ክንፏን ነጠቀችኝ። ሁለተኛው መስኮትና የኩሽናው በር ለዶሮዎች ሄደ።

ቀጥሎ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበርን። ማኅተሟ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጸሐፊውን በእግሩ ዘቅዝቃ ይዛዋለች፤ ቀለም ትነክረውና ወረቀት ላይ ጧ! ታደርገዋለች።

«ደህና ዋሉ?» አልኩት።

«ተመስገን ነው» አለኝ፤ ግንባሩ ሐምራዊ ሆኗል። ጧ!

ማኅተሟ ቤታችንን መረመረችው። «ልጅቷ ስትገባ ስንት ኪሎ ነበረች?»

«ሦስት። በተወለደች በማግስቱ ነው የመጣችው።»

«ዛሬስ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«አርባ ዘጠኝ ኪሎ አትርፈሃል። የትርፉን ግብር ክፈል።»

እማዬ ብልጭ አለባት። «ያበላኋት እኔ ነኝ እኮ!»

«እትዬ፣ የሚሸጥ ዕቃ በሽያጩ ላይ አስተያየት አይሰጥም።»

ቤቱ ባርኔጣውን አውልቆ አስረከበ። ለስም ማዛወሪያው ደግሞ ሁለት ግድግዳ ተቀበሉት፤ «ትርሲት» የሚለውን ስሜን ከላዬ ፈትተው ቪላዋ በር ላይ መቱት። እማዬ «ትርሲት!» ብላ ስትጣራ በሩ ሲጥጥ ብሎ ዞረ። የቀሩትን ሁለት ግድግዳዎች የበሉት የሽያጩ እማኞች ናቸው። ሦስት የመብራት ምሰሶዎች ሲሆኑ፣ ፈርመው እንዳበቁ «ሻጭ ምሳ ሳይጋብዝ ይሄዳል?» ብለው ጭቃውን ከነጭዱ ቆመው ዋጡት።

ቤታችን የበር መቃን ብቻ ሆኖ ጎዳናው መሐል ቀረ። ያችው ቀጭኗ ላጤ ሻንጣዋን ይዛ መጣችና ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው።

«በየት በኩል ነው የምገባው?» አለችው።

መቃኑ ግራና ቀኙን ዳበሰ። አሳዘነኝ፤ ግን ሳልጠይቀው መሄድ አልቻልኩም። «ስንት ተረፈህ?» አልኩት። «ጠጋ በይ፣ ልንገርሽ» አለኝ በሹክሹክታ። ጆሮዬን ስሰጠው አንድ እጅ ትከሻዬን ይዞ ናጠኝ።

እማዬ ናት። ነግቷል።

«ተነሽ፣ ደላላው ዘርጋው መጥቷል።»

«ስንት ይተርፋችኋል አለ?»

«ኮንዶሚኒየም አይገዛላችሁም አለ። ግን አትጨነቁ፣ የኪራይ ቤት አግኝቼላችኋለሁ ይላል። ውሃው አይጠፋም፣ ጎረቤቱ ደግ ነው፣ ግቢውም ጸጥ ያለ ነው።»

«የት ነው?»

እማዬ ወለሉን በተረከዟ መታ መታ አደረገች።

«እዚሁ ነው። ቤታችንን የሚገዛው ሰው ሊያከራየው ነው። የኪራዩን ኮሚሽን ቶሎ ስጡኝ፣ ሌላ ተከራይ ሊያየው እየመጣ ነው ይላል።»