ዴልበርት ያልጠረጠረው ሰው

በዓለም ላይ ያለ የሞተር ሳይክል ክለብ ሁሉ፣ አባላቱ ሦስትም ይሁኑ ሦስት መቶ፣ አንድ ጠርጣሪ አለው። ያለ ሊቀመንበር የከረመ ክለብ አውቃለሁ፤ ያለ ጠርጣሪ የዋለ ግን አላየሁም። ይህ ሰው ከየግድግዳው ጀርባ ጆሮ፣ ከየፈገግታው ጀርባ የፖሊስ መታወቂያ ይታየዋል። በር ሲንኳኳ ሌላው ሰው "ማነው?" ሲል፣ እሱ "ማን ልኮት ነው?" ይላል።

የእኛው፣ የብረት ቁራዎች ክለብ የጸጥታ ኃላፊ፣ ሊቀ ጠርጣሪ ክቡር ዴልበርት ኦክስሊ ይባላል። ዕድሜው ስልሳ ስምንት፣ ጢሙ እስከ ደረቱ፣ ቀኝ ጉልበቱ የታመመ ነው። የአልሞንድ ዛፍ በከበባት በዚህች የካሊፎርኒያ ከተማችን ሠላሳ አንድ ዓመት የክለቡን ዓርማ፣ ቁራውን፣ በጀርባው ተሸክሞ ሞተር ነድቷል።

አንድ ቀን ፒዛ ይዞ የመጣውን ሰው በር ላይ አስቆመው።

"ሸሚዝህን ግለጥ! የድምፅ መቅጃ አስረሃል?"

"ጌታዬ፣ ፒዛው ይቀዘቅዛል።"

"ይቀዝቅዛ! ማን ልኮህ ነው?"

"እርስዎ ነዎት እኮ የደወሉት።"

ዴልበርት አፍታ አሰበ። "እሺ፤ ስደውል የሰማው ማን ነው?"

ሚስቱ ጁኒ ጆሮዋ ደክሞ የመስሚያ መሣሪያ ያስገባች ጊዜ ደግሞ፣ ስለ ሞተር ዘይት እንኳ ሊያወራ ሲፈልግ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣ ጀመር። እኛ አዘንንላት። እሷ ግን፣ "ተዉት፤ ሠላሳ ዓመት ለምኜው ያልረገጠው ጓሮ ነው። እግረ መንገዱን አረሙን እየነቀለልኝ ነው" አለችን።

እኔን ግን አያስቀኝም ነበር። ስሜ ሆሊስ ነው፤ ሥራዬ የሞተር ሳይክል ወንበር ልብስ መስፋት ነው፤ የአባላቱን ዓርማ በቆዳ ሰደርያቸው ላይ የምሰፋውም የምፈታውም እኔ ነኝ። ክለቡ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ቢራ አልጠጣም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ትምህርቴን ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። ለዴልበርት ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። በስብሰባ ቀን በር ላይ መጀመሪያ የሚፈትሸው እኔን ነው። መጽሐፌን ቅጠል በቅጠል ይገልጣል፣ "ይቺን ለምን አሰመርክባት?" ይለኛል። ምንም ያላጠፋሁ ሰው ሆኜ ላብ ያጠምቀኛል። ላቡ ራሱ እንዳያስጠረጥረኝ ስል ይብስ ያልበኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ "ውጣ!" ይለኛል እያልኩ ስሰጋ ኖርኩ።

ከፖሊስ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ነገር ዓርማው ነው። በእኛ ልማድ ዓርማ የለባሹ አይደለም፤ የክለቡ ነው፤ ለሰውየው በአደራ ነው የሚሰጠው። ዴልበርት ይህን በሕግ አስሮታል። ጠበቃ ሳይቀጥር፣ ከቤተ መጻሕፍት መመሪያ ተውሶ፣ መፍቻ የነከሰውን ቁራ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ ከማቀዝቀዣው በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ በየአሮጌ ዕቃ ገበያው እየዞረ አስመስለው የሰሩትን እያደነ ይሰበስባል።

ኢርማ ቮስ የምትባል መበለት ለወንድሟ ልደት ቁራ የተሳለበት ኬክ ጋገረች። ክቡርነታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘው በሯ ላይ ደረሱ።

"እመቤቴ፣ ይህ የተመዘገበ ምልክት ነው።"

"ይህ ቸኮሌት ነው" አለችው። "ከፈለግክ ክንፉን ብላው፤ ያኔ ዶሮ ይሆናል።"

ዴልበርት "ለማስረጃ" ብሎ ክንፉን በላ። ኋላም ማስረጃው በቂ እንዳይደለ ተሰምቶት ጅራቱን ጨመረ።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ሰው ብቻ ሳይጠረጥር አመነ። ስሙ ኬንት ነው።

ኬንት ዕጩ ሆኖ የመጣው ፈርጠም ያለ፣ ትሑት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው ሰው ነበር። ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ የሐሰት ቁራ የተጠለፈባቸው ሹራቦች የት ገበያ እንደሚሸጡ ለዴልበርት ነገረው። ዴልበርት ዐይኑ እንባ አቀረረ። "ይህ ሰው ዓርማ የገባው ሰው ነው!" ብሎ ለዓመታት ያላሳየንን ጥርሱን አሳየን። ጁኒ ቤቷ እያስቀመጠች አበላችው። እኛ ዘንድ ዕጩ ዋስ ያስፈልገዋል፤ ዴልበርት በሁላችን ፊት ቆሞ፣ "ስለ እሱ ተጠያቂው እኔ ነኝ" አለ።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ፖሊስ በሌላ ከተማ ያለውን ቅርንጫፋችንን ፈተሸና የተሰረቀ ሞተር የሚሸጡ ሁለት ሰዎች ያዘ። ለምስክርነት ፍርድ ቤት የገባው ሰው ክራቫት ያሰረው ኬንት ነበር። ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ኖሯል። ከእኔ ጎን የተቀመጠው ዴልበርት አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ጉልበቱን ብቻ በሁለት እጁ ያዘ።

በእኛ ላይ አንድም ወንጀል አልተገኘም። ለዴልበርት ግን አልቀለለትም። የክለቡን ደንብ የጻፈው እሱ ነው፤ አንቀጽ ዘጠኝ፣ "ዋስ የተሆነለት ሰው ፖሊስ ሆኖ ከተገኘ፣ ዋሱ ዓርማውን ይመልሳል" ይላል። የአባላት ሁሉ እጅ መነሣት አለበት፤ አንድ እጅ ከጎደለ ዓርማው አይነካም። ይህን የጨመረው፣ "ግማሻችን ፖሊስ ብንሆንስ? በድምፅ ብልጫ ይጨርሱናል" በሚል ሥጋት ነበር።

ድምፅ የሚሰጠው እሑድ ከሰዓት ነው ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ዴልበርት ሰደርያውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ሱቄ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ፍታው።"

"ድምፅ ሳይሰጥ?"

"ነገ ሰው ፊት ሲፈታ ማየት አልችልም። ዛሬ ፍታውና ነገ ባዶውን ልልበሰው።"

"አልነካውም፣ ዴልበርት።"

"ፈራህ?"

"አዎ፣ ፈርቻለሁ" አልኩት፤ እውነቴን ነበር። የመጀመሪያው ክር ሲያልቅ ያን ቁራ እንደገና የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሲላላም መልሼ አጥብቄዋለሁ። ሰውየው ያለዚያ ቁራ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማለዳ ምን ለብሶ ከቤት እንደሚወጣ አልታይ አለኝ። ሰደርያውን በፎጣው መልሼ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ የዴልበርትን ስም ብቻ ደጋግሜ ጠራሁ።

ከሰዓት ዘጠኛችንም ተሰበሰብን። ሊቀመንበራችን ሩበን ወፍራም ማኅደር ይዞ መጣ። የኬንት ሪፖርት ነው፤ በክሱ ምክንያት ለጠበቃችን የተሰጠ ግልባጭ። "ከመወሰናችን በፊት፣ ኬንት ስለ ዴልበርት ምን እንደጻፈ እንስማ" ብሎ መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ።

"'ተጠርጣሪ ኦክስሊ ስለ ንግድ ምልክት ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አስረዳኝ። ወንጀል አልተጠቀሰም።'"

"ሁለት ሰዓት ብቻ? ዕድለኛ ነው" አለ አንዱ። ሳቅን። ዴልበርት አልሳቀም።

"'ተጠርጣሪው ከገበያ የሰበሰባቸውን ሹራቦች ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የተጠለፈውን ቁራ በምላጭ እየፈታ፣ ቤት ለሌላቸው መጠለያ ሲሰጥ አየሁ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ወንጀል አልታየም።'"

ሲስቅ የነበረው ቢራውን አስቀመጠ።

"'በየሐሙሱ የት እንደሚሄድ ተከታተልኩ። ኢርማ ቮስ የተባሉ ወይዘሮን ለኩላሊት እጥበት ያደርሳል፤ እስኪጨርሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ወንጀል አልታየም።'"

"በቃ፣ ዝጋው!" አለ ዴልበርት፤ ፊቱ ቀልቷል። "የሰው ገመና ነው!"

ሩበን ግን አንድ ገጽ ገለጠና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የለመድኩት ላብ መጣ።

"'ልብስ ሰፊው ሆሊስ ይታመን እንደሆነ ኦክስሊን ጠየቅሁት። እንዲህ አለ፦ እሱን ቀድሜ የምፈትሸው ሌላ ሰው እንዳይፈትሸው ነው፤ ድንጉጥ ነው። እሱ ፖሊስ ከሆነ እጄን ዘርግቼ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ራሱ ይቆልፍብኝ።'"

የማየው ቦታ አጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት የፈራሁት እጅ ሲጠብቀኝ የኖረ እጅ ነበር። ይህንንም የነገረኝ ሊያጠፋን የተላከ ሰው ነው። እግዚአብሔር መልእክቱን በማን እንደሚልክ አይታወቅም።

"ደንብ ደንብ ነው" አለ ዴልበርትና መጀመሪያ የራሱን እጅ አነሣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ወለሉን እያዩ፣ አነሡ። ስምንት እጅ። የእኔ ጉልበቴ ላይ ነው።

"ሆሊስ፣ እጅህን አንሣ እንጂ!"

"አላነሣም።"

"ስማ፣ ይህ ደንብ ነው!"

"አንድ እጅ ከጎደለ አይነካም የሚለውም ደንብ ነው። የጻፍከው አንተ ነህ።"

 ሩበን መነጽሩን አወለቀና ማኅደሩን ዘጋ። "አንድ ጎድሏል። ዓርማው ባለበት ይቆያል።" የተነሡት እጆች እንዴት በፍጥነት እንደወረዱ ብታዩ!

በኋላ ዴልበርት ሞተሮቹ አጠገብ ጥላ ሥር ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ሰደርያውን ለብሷል። ደንቡን እንደደፈርኩበት አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተቆጣኝ፤ አንቀጹም መሻሻል እንዳለበት ነገረኝ። እስኪጨርስ ሰማሁት፤ ቢቀጥልም ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርክ አይደል? ለዚያ ሰውዬም ጸለይክለት?"

"ለማን?"

"ለማን እንደሆነ ታውቃለህ።"

"ዛሬስ ላንተ ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ ግን ለሁለታችሁም።"

ራሱን ነቀነቀ። የራስ ቁሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ፍርድ ቤት ሲገባ አየኸው፣ ሆሊስ? ከስቷል። ክራቫቱንም አጣሞ ነው ያሰረው። እኛ ጋ ሳለ እንኳ ጁኒ ነበረች የምታበላው። አሁን ማን ያበላዋል?"